ብራድ ጊልበርት፤ ከጉድለቱ ሙያ ያወጣ አሰልጣኝ

ብራድ ጊልበርት በሜዳ ቴኒስ ተጫዋችነቱ ለዓይን የሚማርክ አልነበረም። ሰርቩ አያስደነግጥም፤ ምቱም ኳሷን መረቡን አሳልፎ ከማድረስ ብዙም የሚዘል አልነበረም። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1961 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የተወለደው አሜሪካዊ በነጠላ ውድድር 20 ዋንጫ ወሰደ፤ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ነሐስ አጠለቀ፤ በ1990 ከዓለም 4ኛ ሆነ። ከአራቱ የግራንድ ስላም ውድድሮች ግን በአንዱም ከሩብ ፍጻሜ አላለፈም። አሰልጣኝ ያደረገው ይኸው ጉድለቱ ነው ባይ ነኝ።

ተሰጥኦ የተትረፈረፈው ሰው ኳሷን እንዴት እንደመታት ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ እጁ ያውቀዋል፣ አፉ አያውቀውም። ጊልበርት ግን ነጥብ የሚያገኘው አስልቶ ስለነበር ያደረገውን ሁሉ በቃል ማስረዳት ይችላል። በ1987 በአሜሪካ ኦፕን ሁለት ሴት (የጨዋታ ክፍል) ተመርቶ ኃይለኛውን ተጫዋች ቦሪስ ቤከርን ያሸነፈው በጉልበት በልጦት አይደለም። በ1993 ያሳተመው፣ ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «በማያምር ጨዋታ ማሸነፍ» እንደማለት የሆነው መጽሐፉ በእንዲህ ያለ ስሌት የተሞላ ነው። ለምሳሌ የሳንቲም ዕጣ የወጣለት ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ሰርቭ ማድረግን ይመርጣል። ጊልበርት መቀበልን ይመክራል፦ በመጀመሪያው ጌም የተቀናቃኝ ክንድ ገና አልሞቀም፤ ሰርቩን መስበር የሚቀለው ያኔ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ማንም ሊማረው ይችላል።

በ1994 አንድሬ አጋሲን ሲይዝ አጋሲ የዊምብልደን ባለድል ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዷን ኳስ በአንድ ምት ለመጨረስ ሲል ራሱን ይጥላል። ጊልበርት ፍጹም መሆንን ትቶ ተቀናቃኙ የሚሳሳትበትን መንገድ እንዲፈልግ አስተማረው። በዚያው ዓመት አጋሲ በደረጃቸው ቅድሚያ ከተመደቡት ተጫዋቾች ተርታ ሳይኖር አሜሪካ ኦፕንን ወሰደ፤ ከስምንቱ ግራንድ ስላሞቹ ስድስቱን ያገኘው ከጊልበርት ጋር ነው። «አጋሲን ማን ያሰለጠነው ቢሆን ያሸንፋል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ አሰልጣኝ ኳስ አይመታም። በ1997 አጋሲ 141ኛ ደረጃ ላይ ሲወርድም አጠገቡ የነበረው ይኸው ጊልበርት ነው። ግን ከዚያ አዘቅት ወጥቶ በ1999 ሮላንድ ጋሮስን (የፈረንሳይ ኦፕንን) ማሸነፍ በተሰጥኦ ብቻ አይገለጽም፤ ሲወድቅም ተሰጥኦው አብሮት ነበርና።

የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ስምንት ግራንድ ስላም ያለው ኢቫን ሌንድል ተጫዋቹን አንዲ መሪን ለድል አብቅቷል፤ ጊልበርት ግን ከዚሁ ከመሪ ጋር በ2006 ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ተለያይቷል። ታላቅ ተጫዋች ታላቅ አሰልጣኝ አይሆንም ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው። ነገር ግን ሌንድል የመጀመሪያዎቹን አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች ተሸንፏል፤ መሪም እንዲሁ። ሌንድል ያካፈለው ዋንጫውን ሳይሆን ያንን ሽንፈት ይመስለኛል። ኖቫክ ጆኮቪችን ያሰለጠነው ሌላው ታላቅ ተጫዋች ቤከር ግን ለዚህ ሐሳቤ አይመችም፤ እሱን እንዳለ እተወዋለሁ።

ድሮ በጨዋታ መሐል ማሰልጠን ክልክል ስለነበር የጊልበርት ሥራ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቅ ነበር። በ2022 ከመቀመጫ ሆኖ መምከር በሙከራ ሲፈቀድ ለዚህ ንግግር አዋቂ ሰው በር ተከፈተለት። በ2023 ተጫዋቿ ኮኮ ጎፍ በዊምብልደን በመጀመሪያው ዙር ከተሰናበተች በኋላ ቡድኗን ተቀላቀለ፤ በሴፕቴምበር ወር በአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ከአሪና ሳባሌንካ ጋር የመጀመሪያውን ሴት 6 ለ 2 ተሸንፋ ሁለቱን ተከታታይ ስትወስድ በአሰልጣኞች መቀመጫ ላይ ነበር። ዓመት አልፎ ጥቂት እንደቆዩ ተለያዩ።