ከመድረክ እስከ ሸክላ፦ ባለክራሯ አስናቀች ወርቁ

ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ በቅርቡ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊዋ ከሶሎሎ ማዶ በሚገኘው የድንበር ጥበቃ ካምፓችን የሚያገለግል የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ክራር ትደረድራለች። የካምፑ የኪነት ቡድን ድምፅዋን ለመቅረጽ በጠየቃት ጊዜ ግን ባለቤቷ «የወታደር ሚስት አዝማሪ አትሆንም» ብሎ ክራሩን ከግድግዳው አውርዶ ከአልጋ ሥር አስገባው። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ስትል ትጠይቀናለች።

ደብዳቤው በተነበበ ጊዜ ከመካከላችን ፈገግ ያልን ነበርን። ያ ፈገግታ ከአሥር አለቃው ቃል የራቀ እንዳልነበረ የተረዳነው ቆይተን ነው። ስለዚህ መልሳችንን በምክር ሳይሆን፣ ይህንኑ ቃል ዕድሜዋን ሙሉ በሰማች አንዲት ሴት ታሪክ እንጀምራለን።

አስናቀች ወርቁ በ1920ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተወለደች። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ገና እግር ያልተከለ ነበር። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሕዝቡን በጠላት ወረራ ዋዜማ ለአርበኝነት ይቀሰቅስ ነበር፤ ሆኖም በመድረክ ላይ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወክለው የሚጫወቱት ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሚቀርቡ ወንዶች ነበሩ። የጨዋ ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መናገሯ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ እናት ስታለቅስ የምትታየውም፣ ሙሽራ ስትኳል የምትታየውም በወንድ አካል ነበር።

አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መድረክ ላይ ወጣች። ብዙዎች የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ የሚሏት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከተከፈተ በኋላ በተዋናይነቷም በክራር ተጫዋችነቷም ታወቀች። የመድረክ ሴት በዚያን ጊዜ ጭብጨባን በአዳራሽ፣ ስድብን በጎዳና ታገኝ ነበር። ሕዝቡ ያደንቃታል፤ ያው ሕዝብ ልጁን እንደ እርሷ እንድትሆን አይፈቅድም።

በዚህ ላይ የመረጠችው መሣሪያ ክራር ነበር። እንደሚታወቀው አባቶቻችን ዐሥር አውታር ያለውን በገና ለጸሎትና ለምስጋና፣ ክራርን ግን ለፍቅርና ለጭፈራ ለይተው ነበር። በገና የሚደረድር ይከበራል፤ ክራር የሚደረድር ይጠረጠራል። ሴት ስትሆን ደግሞ ጥርጣሬው እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ ስድስት አውታር ባላት በዚያች ትንሽ መሣሪያ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም ይፈስባታል። አስናቀች የምትታወቀው አውታሩን በመንካቷ ብቻ አልነበረም፤ ግጥምን በሰምና ወርቅ አስውባ በማቅረቧ፣ በመድረክ ላይም በትወና በገራችው ፊትና ድምፅ ቃሉን ሕያው በማድረጓ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሸክላ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዘፈንን በሸክላ አሳትሞ የማውጣት መብት ለብዙ ዓመታት በአገር ፍቅር ቴአትር እጅ ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት ከፈተ። ሌሎችም ተከተሉት። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች በትንንሽ ሸክላዎች ተሞሉ፤ የአስናቀች ድምፅም በዚያው ዘመን በሸክላ ተቀረጸ።

ሸክላ ለመድረክ ሰው ቀላል ፈተና አይደለም። በመድረክ ላይ ባለክራር ተመልካቹን አይታ ግጥሟን ታረዝማለች፣ ታሳጥራለች፤ የሳቀውን ትነካካለች፣ ያዘነውን ታጽናናለች። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሽ ሸክላ ግን በአንድ ገጽ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይሸከምም። ፊት አይታይም፤ እጅ አይታይም፤ ሳቅ አይመለስም። ያለው ድምፅና አውታር ብቻ ነው። የአስናቀችን ቅጂዎች ዛሬ የሚሰማ ሰው ግን ሴቲቱ ከፊቱ የተቀመጠች ያህል ይሰማዋል። ክራሩ ይመራል፤ እርሷም ለአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሳይሆን ለአንድ ሰው እንደምትናገር ቃሉን በዝግታ ታወርዳለች።

ኋላ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ የሸክላ ማጫወቻዎችም ከየቤቱ ጠፉ። ድምፁ ግን አልጠፋም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን የቀድሞ ቅጂዎች እያሰባሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ሲያሳትም፣ 16ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለአስናቀች ተሰጠ። ራሔል ሳሙኤልም ሕይወቷን በዘጋቢ ፊልም አቀረበች። አስናቀች በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። በወጣትነቷ የተናቀችበት ሥራ በሞቷ ጊዜ የአገር ቅርስ ተብሎ ተነገረለት።

ውድ አንባብያን፣ አሥር አለቃውን ለመውቀስ አልተነሣንም። ቃሉን የወረሰው ከእኛው ኅብረተሰብ ነው። ነገር ግን ያው ኅብረተሰብ «አዝማሪ ምን አለ?» እያለ የሕዝብን ልብ ይመረምር እንደነበር መዘንጋት አይገባም። በፉከራና በቀረርቶ ወደ ግንባር ያልተሸኘ የኢትዮጵያ ሠራዊትስ መቼ ነበር? ጎረቤታችንንም እንመልከት። የቦረና ሰዎች ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ ተሰልፈው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ሥራውን ያቀልላል፤ ከብቱንም ወደ ገንዳው ይጠራል። «ዘፋኝ ሆንክ» ብሎ የሚያፍርበት የለም።

እኛ ወታደሮች ድምፅ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። በሌሊት ዘብ ላይ ቆሞ ከማዶ የሶሎሎን ኮረብቶች ጨለማ ሲመለከት ያደረ ሰው፣ ተረኛው ተክቶት ወደ ድንኳኑ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያነሣው ስልኩን ነው። የሚፈልገውም የባለቤቱን ወይም የእናቱን ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ተቀርጾ ቢቀመጥለት፣ መረብ በማይሠራበት ሌሊት እንኳ አብሮት ያድራል። የአስናቀች ዘመን ብዙ እናቶች ከአስናቀች ያላነሰ ድምፅ ነበራቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ክራራቸው ከአልጋ ሥር ስለቀረ ልጆቻቸው አልሰሟቸውም።

ለደብዳቤ ጸሐፊዋ መልሳችን ይህ ነው፦ ክራር ማንንም አያዋርድም፤ አንቺም ባልሽን አላዋረድሽውም። ለአሥር አለቃውም የምንለው አለን፤ ትእዛዝ አይደለም፤ የቤትህ ጉዳይ የቤትህ ነው። ነገር ግን ከአልጋ ሥር ያስገባኸው የባለቤትህን ክራር ብቻ ሳይሆን፣ ልጆችህ ነገ የሚፈልጉትን ድምፅ ጭምር ነው።

የኪነት ቡድኑ ቅጂውን የሚያካሂደው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በካምፑ አዳራሽ ነው። ክራሩን ተሸክሞ የሚያመጣው አሥር አለቃው ራሱ ቢሆን ደስታችን ነው። ያን ዕለት ፈገግ ያልነው ሰዎችም ቀድመን ደርሰን ወንበር እንደረድራለን።