ጥናቱ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?

የማዕረግ እድገት ሲታሰብም ሆነ የምርምር ገንዘብ ሲደለደል፣ የጤና ተመራማሪን ሥራ ለመመዘን የሚጠሩት ቁጥሮች በዝተዋል። ሳይቴሽን ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፉን ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው አልትሜትሪክ ደግሞ በዜና፣ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በዊኪፔዲያና በፖሊሲ ሰነዶች መነሳቱን ይደምራል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ ቆጣሪው ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም የሚል ነው። ልክ ነው። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ በ1998 ላንሴት ላይ ወጥቶ በ2010 ቢሰረዝም፣ ሊያስተባብሉት የጠቀሱት ሁሉ ቁጥሩን ከፍ አድርገውለታል። ይህ ግን የታወቀ ችግር ነው፤ ጽሑፎቹን ከፍቶ ያነበበ ይደርስበታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ እምብዛም የማይነሳው ነው። የሕክምና ጥናት ዋና ተጠቃሚ ጽሑፍ አይጽፍም። ነርሷ፣ አዋላጇ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጥናቱን በየቀኑ በሥራ ላይ ያውሉታል እንጂ አይጠቅሱትም።

ልጇን ተቅማጥ የያዘባት እናት ጤና ኬላ ስትመጣ፣ ባለሙያዋ አንዱን የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣ ታሳያታለች። ዚንኩንም ከስድስት ወር በታች ከሆነ ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ፍሬ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ሳታቋርጥ እንድትሰጠው አደራ ትላታለች። እዚያች ክፍል ውስጥ በ1968 ዳካ ላይ በኮሌራ ሕሙማን የተደረገው በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ጥናት አለ፤ የዓመታት የዚንክ ሙከራዎች አሉ፤ በ2004 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ሁለቱን አጣምረው የሰጡት ምክር አለ። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ በሥራ ስታውለው ግን አንድም ሳይቴሽን አይመዘገብም። መመሪያው ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ የሥልጠና ጽሑፍ ሲመለስ የዋቢዎቹ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ባለሙያዎች በተዘጋ የቴሌግራም ቡድን የሚለዋወጡትንም ቆጣሪው አያየውም።

ጉዳቱ ደግሞ ቁጥሩ ከመጉደሉ በላይ ነው። በሳይቴሽን የሚመዘን ተመራማሪ ርዕሱን የሚመርጠው ለሚጠቅሱት ሰዎች ነው። በአንድ ወረዳ እናቶች ዚንኩን ለምን በሦስተኛው ቀን እንደሚያቋርጡ መጠየቅ ለዚያ ወረዳ ሕፃናት ወሳኝ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ተመራማሪ ግን የሚጠቅስበት ምክንያት ላይኖረው ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት የመጀመሪያ ሪፖርታቸውን በ1965 ያወጡት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ግኝት የያዘ ወጣት ተመራማሪ የሚመከረው፣ ኢምፓክት ፋክተሩ (ጽሑፎቹ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ ወዳለ የውጭ ጆርናል እንዲልከው ይመስለኛል፤ ምናልባትም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ገንዘብ ካልከፈለ ወደማያነበው።

ሳይቴሽን ይቅር አልልም፤ አንድ ሐሳብ በተመራማሪዎች መካከል እንዴት እንደተጓዘ ያሳያል። ለሕክምና ግን ያ የመንገዱ እኩሌታ ነው። የእድገት ኮሚቴዎች ከቁጥሩ ጎን ሌላ ጥያቄ ያክሉ፤ ይህ ጥናት የትኛውን መመሪያ ለወጠ፣ በየትኛው ጤና ጣቢያስ ይሠራበታል? መልሱን ለማግኘት ከቢሮ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ይሆናል፤ ይሂዱ።