ማህፀንና ኮታ፦ የሕዝብ ቁጥጥር በልቦለድና በፊልም

ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆቴል ክፍል ውስጥ ናቸው። አንደኛዋ አርግዛለች፤ ሌላዋ ልታግዛት መጥታለች። ሊያስወርድላት ቦርሳውን አንጠልጥሎ የመጣው ሰውዬ መታወቂያውን እንግዳ መቀበያው ጋ አስይዞ ነው የገባው። ቢያዝ እስር ቤት እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ለዚህም ሥጋት ከገንዘብ ሌላ የሁለቱንም ገላ በዋጋነት ይጠይቃል። አገሩ ሮማኒያ፣ ዘመኑ 1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፊልሙ የክርስቲያን ሙንጂው «4 ወር፣ 3 ሳምንት ከ2 ቀን» ነው፤ በ2007 በካን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወስዷል። የሚያስር ፖሊስ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። መንግሥት ግን አለ፤ በመታወቂያው፣ በእንግዳ ተቀባይዋ መስቀለኛ ጥያቄ፣ በተማሪዎቹ ዝቅ ያለ ድምፅ።

ስንት ልጅ ይወለድ የሚለውን መንግሥት ይወስን ወይስ ባልና ሚስት? ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ የሮማኒያን ያህል ጥርት ብሎ የታየበት አገር ግን ጥቂት ነው። ፅንስ ማስወረድ እዚያ ከ1957 ጀምሮ የተፈቀደ ነበር። በ1966 የአገሪቱ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ በአዋጅ ቁጥር 770 ከለከለው። ከተፈቀደላቸው ጥቂቶች መካከል ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ ወይም አራት ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ይገኙበታል። እኛ ልጅ በዕድሉ ያድጋል እንላለን፤ ለቻውሼስኩ ልጅ የሚወለደው በዕቅዱ ነበር።

በ1966 ወደ 274 ሺህ የነበረው የወሊድ ቁጥር በዓመቱ ወደ 528 ሺህ አሻቀበ። ሙንጂው ራሱ የ1968 ልጅ ነው፤ ሮማኒያውያን የዚያን ትውልድ ሰዎች «የአዋጁ ልጆች» ይሏቸዋል። ሴቶች በድብቅ መላ ሲያበጁ ቁጥሩ እንደገና ወረደ። መንግሥትም ልጅ በሌላቸው ላይ በጣለው ግብር ሳይወሰን፣ በ1980ዎቹ ያረገዘችዋን ለመለየት በየፋብሪካው የማህፀን ምርመራ አስጀመረ። በስውር ማስወረድ የሞቱት ሴቶች ወደ 10 ሺህ ይገመታሉ። ወላጆች ማሳደግ ያቃታቸው ልጆች ደግሞ የመንግሥት ማሳደጊያዎችን ሞሉ።

ሕንድ የተጓዘችው በተቃራኒው መንገድ ነው። ኢንድራ ጋንዲ ከ1975 እስከ 1977 አገሪቱን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስትገዛ፣ በ1976 ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የማምከን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። መምህሩም ጸሐፊውም ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሎ ኮታ ወረደበት። የሮሂንተን ሚስትሪ ልቦለድ «ኤ ፋይን ባላንስ» (1995) ሁለት ልብስ ሰፊዎችን፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ ይዞ ይሄዳል። ለልጁ ሚስት ሊያጩ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ገበያ ላይ ታፍሰው ወደ ማምከኛው ካምፕ ይወሰዳሉ። ሊዳር የመጣው ልጅ መውለድ ሳይችል ይቀራል።

በቻይናው ሞ ያን ልቦለድ «እንቁራሪት» (2009) ኮታውን የምታስፈጽመው አክስት ናት። የመንደሩን ልጆች ተቀብላ ያዋለደች፣ ሁሉ የሚወዳት አዋላጅ ነበረች። የአንድ ልጅ ፖሊሲ ሲመጣ ግን ነፍሰ ጡሮችን እያሳደደች ታስወርዳለች። ስታረጅ የእንቁራሪት ጩኸት የሕፃናት ለቅሶ ይሆንባታል፤ የቻይንኛው «ዋ» በአንድ አነባበብ እንቁራሪት፣ በሌላው ሕፃን ነው። ሸክላ ሠሪ ባሏ ሳይወለዱ የቀሩትን ልጆች እሷ በነገረችው መልክ አሻንጉሊት አድርጎ ይሠራላታል። ፖሊሲው በ2016 ቀረ፤ ዛሬ ያው መንግሥት ውለዱ እያለ ነው።

የማርጋሬት አትዉድ «የሃንድሜይድ ታሪክ» (1985) ሴቶች በግዳጅ የሚወልዱበት የወደፊት ዘመን ልቦለድ ቢሆንም፣ ደራሲዋ በታሪክ ያልተፈጸመ ነገር ላለማስገባት ወስና ነበር የጻፈችው፤ ሮማኒያም በመጽሐፉ መጨረሻ በስም ተጠቅሳለች። በአሜሪካ በባርነት የነበሩ ጥቁር ሴቶች ያሳለፉት ለነጭ ሴቶች እንደ ቅዠት ቀረበ የሚል ትችት ግን ይከተለዋል፤ ትችቱ ሚዛን ይደፋል።

እኛም አፈሳን በሌላ ፊቱ እናውቀዋለን። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ላይ፣ በደርግ ዘመን የገጠር ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እዚህ የተፈለገው ማህፀን አይደለም፤ ትከሻ ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው፦ ቁጥሩ ከላይ ይቆረጣል፣ ኮታ ሆኖ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ የሚያንኳኳው የሚያውቁት ሰው ነው። የመንግሥት ሪፖርት የመጀመሪያውን ቁጥር ይመዘግባል፤ ልቦለድና ፊልም የሚያንኳኳውንና የሚከፍተውን ሰው ፊት።

ቻውሼስኩ ዲሴምበር 25 ቀን 1989 ተረሸነ፤ አዋጅ 770 በማግስቱ ተሻረ። በሙንጂው ፊልም መጨረሻ ሁለቱ ተማሪዎች ሆቴሉ ምግብ ቤት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሠርግ ይጨፈራል። ስለሆነው ነገር ዳግመኛ ላያነሱ ይነጋገራሉ። አዋጁን ለመሻር አንድ ቀን በቃ፤ ያንን ክፍል ለዓለም የከፈተው ፊልም እስኪመጣ ግን 18 ዓመት አለፈ።