ማርሚታው ከመጮሁ በፊት

በገርጂና በጃክሮስ በኩል ወደ ጋራዥ የሚመጣ ባለመኪና ስለ ጭስ ማውጫ የሚያነሳው አቤቱታ ሁልጊዜ ድምፅ ነው። «ሰፈሩን ረበሽኩ፤ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ በይድልኝ» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድምፁ አይደለም። ማርሚታ (ድምፅ ማፈኛው) እስኪጮህ ድረስ ብዙ ጊዜ ሲበላ ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጭሱ የት ሲገባ እንደነበር ማንም አይጠይቅም።

የጭስ ማውጫ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከሞላ ጎደል አንድ ሊትር ውሃ ይወጣዋል። ይህን ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነው፤ ማለዳ ከቧንቧው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ነው የማሳየው። በአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የምትሮጥ መኪና ቧንቧዋ እስከ ጫፉ ስለሚግል ውሃው ተንኖ ይወጣል። ከሰሚት እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም በሰልፍ እየተንፏቀቀች የምትመላለስ ቪትዝ ግን የኋላው ማርሚታ በወጉ ሳይሞቅ ሞተሯ ይጠፋል። ውሃው እዚያው ይተኛል፤ ከነዳጁ ሰልፈር ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይሆናል፤ ላሜራውን ይበላዋል። ትንሽ የምትነዳ መኪና ማርሚታ ቶሎ የምትጨርሰው ለዚህ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ውሃው እንዲወርድ ከማርሚታው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ይተዋሉ። እሷን «ተበሳ» ብሎ በብየዳ ያስደፈነ ሰው አጋጥሞኛል።

ውሃ የጭስ ማውጫ ጠላት መሆኑን ከሁሉ አጥብቀው የሚያውቁት የጀልባ መካኒኮች ናቸው። የጀልባ ሞተር ሠሪው ቮልቮ ፔንታ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባወጣው አሠራር በሚነዳ ጀልባ ሞተሩ ከኋላ በሆዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው እግር ብቻ ወደ ውጭ ይወጣል። ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ማኒፎልድ ግሎ በተዘጋ ጀልባ ውስጥ እሳት እንዳያስነሳ ግድግዳው ድርብ ይሠራል፤ በመካከሉ ውሃ እየተሽከረከረ ያቀዘቅዘዋል። የውስጡ ግድግዳ ዝጎ ከተበሳ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከለቀቀ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ፒስተን ደግሞ ውሃን መጭመቅ አይችልም፤ ሞተሩ ይሰበራል። ስለዚህ በተለይ በባሕር ላይ የሚሠሩት ማኒፎልዱን ምንም ሳይሰማቸው፣ ዕድሜውን ቆጥረው ይቀይራሉ። እኛ ጋ ይህ ልማድ የለም። መኪና ሞተር ስለማይሰበርባት ይሆናል። አደጋው ግን ሰው ላይ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ከሰልን የምንፈራውን ያህል ጭስ ማውጫን አለመፍራታችን ያሳዝነኛል። በዚያ ላይ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በክረምት መስኮት ተዘግቶ፣ ከመገናኛ ጀምሮ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሲያጨስ፣ ከወለሉ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ያላት መኪና ልጆቹን ከኋላ ወንበር አስተኝታ ትሄዳለች። ወላጅ ደከማቸው ይላል። ራስ ምታቱን፣ ማዞሩን፣ ማቅለሽለሹን የሚያነሳው ሌላ ወሬ ሲያወራ ነው፤ እኔ ራሴ እየጠየቅሁ ነው የማወጣው።

ብየዳን አልጠላም። ደህና ውፍረት ያለው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ሲሰነጠቅ በብየዳ ይድናል። የሳሳ ላሜራ ላይ ሲበየድ ግን እሳቱ አጠገቡን ያሳሳዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ከጎኑ ይበሳል። ባትሪ ሳይነቀል በኤሌክትሪክ መበየድ ደግሞ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የተበሳ ከሆነ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩ ነዳጅ አነሰ ብሎ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ይጨምራል፤ ባለቤቱ «ነዳጅ በላችኝ» እያለ ካንዴላ ያስቀይራል።

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። ያሉት መኪኖች ከእኛ ጋር ያረጃሉ ማለት ነው። ስለዚህ የተበላውን ክፍል ከነጓርኒሲዮኑና ከነብሎኑ ለመቀየር ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድን እንደ ብክነት የሚያይ ደንበኛ ሲገጥመኝ ጊዜ ወስጄ እከራከራለሁ።

መኪናውን ሳያመጡ ማየት ለሚፈልጉ፦ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ደጅ አውጥታችሁ አስነሡት። አንድ ሰው በወፍራም ጨርቅ የቧንቧውን ጫፍ ለአፍታ ይያዝ፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ። ጤነኛ ከሆነ ጭሱ ጨርቁን በኃይል ይገፋል። ካፈሰሰ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፤ መጋጠሚያው አካባቢ ጥቀርሻ ታያላችሁ። ፉጨቱ ከኋላ ጫፍ ከሆነ ቀጠሮ ይዛችሁ ኑ። ከወንበር ሥር ወይም ከሞተሩ በኩል ከሆነ ግን በዚያው ቀን፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍታችሁ፣ ልጆቹን ቤት ትታችሁ ኑ።