የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ወደ ቤት ሲሄድ፦ ለቤት ውስጥ ንባብ የሚውለው የመንግሥት ገንዘብ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቦርሳው ውስጥ የሚገኘው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የመማሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው። ይህ መጽሐፍ በመምህር እየተመራ እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው፤ ሕፃኑ ማታ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ደስ እያለው የሚገልጠው ዓይነት አይደለም። አጫጭር ታሪክ የያዙ አጋዥ የንባብ መጻሕፍት የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

ችግሩ በቁጥር ጎልቶ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ክህሎት ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ከምዘናው በኋላ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። በምዕራብ ሸዋ ደንዲ ወረዳም ሴቭ ዘ ችልድረን ሕፃናት ታሪክ ተውሰው ወደ ቤታቸው የሚወስዱባቸውን የመጽሐፍ ባንኮች አደራጅቷል።

ለዚህ ተግባር የሚውለው የመንግሥት ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ በጀት ሲሆን፣ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ሁለተኛው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚላከው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚገኝ አንድ ተማሪ የተመደበው ድጎማ በዓመት 50 ብር ነበር። በዚህ ስሌት በእነዚህ ክፍሎች 600 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት 30,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። ጠመኔው፣ የተሰበረው መስኮት፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ከዚሁ ገንዘብ ድርሻቸውን ሲጠይቁ ለታሪክ መጽሐፍ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሆኖም ዋናው መሰናክል ሁልጊዜ የገንዘብ ማነስ አይደለም። የትምህርት ቤት መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት በመሆኑ በንብረት መዝገብ ይሰፍራል፤ ከጠፋም የሚጠየቅበት ሰው አለ። ስለሆነም በኃላፊነት ላይ ያለው ሠራተኛ መጽሐፉን ከማዋስ ይልቅ ቆልፎ ማስቀመጥን ቢመርጥ አያስደንቅም። በዓመቱ መጨረሻ አንድም ሳይጎድልበት የሚገኝ ቁም ሳጥን በንብረት ቆጠራ ያስመሰግናል፤ በንባብ መለኪያ ግን ሊያስወቅስ ይገባዋል። በሕፃን እጅ የሚገባ መጽሐፍ ወጥ ይነካዋል፣ ገጹ ይቀደዳል፣ አንዳንዱም እንደወጣ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ የሚጎድለውን ቁጥር አስቀድሞ ገምቶ መተኪያውን በዕቅዱ ካላስገባ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በጠፋ ማግስት ውሰቱ መቆሙ አይቀርም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሌላም ጉዳይ አለ። በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የሚኖሩ ሕፃናት አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ይማራሉ፤ አንዱ ቁቤ ይቆጥራል፣ ሌላው ፊደል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞ ይጻፍ የነበረው በግዕዝ ፊደል ነው። በዚያ ዘመን በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ የተማሩ አያት ዛሬ የልጅ ልጃቸው በቁቤ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ ሳለ ጽሑፉ እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል። እንዲህ ያሉ አያት ግን ከንባቡ ውጭ አይደሉም። ሕፃኑ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ እርሳቸውም «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት፣ የሚያውቁትንም ተረት ይጨምሩለት። ከበጀት አንጻር ግን አንድ ከተማ በሁለቱም ቋንቋዎች መጽሐፍ መግዛት እንዳለበት መዘንጋት የለበትም፤ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተሞላ መደርደሪያ ከሰፈሩ ልጆች ለከፊሎቹ ባዶ ነው።

ባለፉት ዓመታት ለንባብ ሥራው ከፍተኛ ድጋፍ ያደርግ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። በመሆኑም የተቀደደውን መጽሐፍ የመተካቱ ጥያቄ ወደ ከተማ አስተዳደሮችና ወደ ትምህርት ቤቶች የራስ ዕቅድ ይበልጥ መምጣቱ አይቀርም።

በትምህርት ቤት ድጎማ አጠቃቀም ላይ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ድርሻ አለው። የቤት ውስጥ ንባብም ከትምህርት ቤት መሻሻል አራት ዐበይት ርዕሶች በሁለቱ፣ ማለትም በመማር ማስተማርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ሥር ሊታቀድ ይችላል። ማንኛውም ወላጅ በዓመቱ መጀመሪያ በሚጠራው ስብሰባ በድጎማው ስንት አጋዥ መጽሐፍ እንደሚገዛ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነና ለሚጠፋው ምን ያህል እንደተያዘ መጠየቅ ይችላል። ልጁ መጽሐፉን ዓርብ ወስዶ ሰኞ መመለስ ይፈቀድለት እንደሆነም እዚያው ይጠየቃል።