«መግጠም»፣ «መጫን» እና «ማስገባት»፤ ስለ ኔትወርክ ካርድ ፍተሻ ቃላት

የቴክኒክ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ለስሞች አቻ በመፈለግ ነው። ዳሩ ግን ሠራተኛውን ይበልጥ የሚያሳስቱት ግሶቹ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በሊኑክስ ላይ የኔትወርክ ካርድ አልሠራ ሲል ከሚደረገው ፍተሻ በመነሣት እናብራራለን።

እንደሚታወቀው ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራዎች የተጀመረ ሲሆን፣ ሊኑክስ የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ይፋ ያደረገው ነው። የሥርዓቱን ውስጠኛ ክፍል እንግሊዝኛው በፍሬ እምብርት ስም ይጠራዋል፤ እኛ «አስኳል» እንለዋለን። አስኳሉን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም «ነጂ» ብንለው ተገቢ ነው፤ «መንዳት» ለከብትም ለመኪናም የሚነገር በመሆኑ ለዕቃ ቢነገር እንግዳ አይሆንም።

በሞጆና በመቂ መካከል በምትገኘው በዓለም ጤና አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ አዲስ ካርድ አግኝቶ ግንኙነት ግን አጣ እንበል። መመሪያው «መጫኑን አረጋግጥ» ይለዋል። ምኑን? እንግሊዝኛው ካርዱን በቦታው ለማዋልና ፕሮግራሙን በዲስክ ላይ ለማኖር አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ፕሮግራሙን ከዲስክ አንሥቶ ወደ ማስታወሻ ለማምጣት ግን ሌላ ቃል አለው። የኛ ተርጓሚ ሦስቱንም «መጫን» ሲላቸው በእንግሊዝኛ ተለይቶ የነበረው ጭምር ይደባለቃል።

ፍተሻው ራሱ ልዩነቱን ያሳያል። በመጀመሪያ «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ የውስጥ መስመር ላይ የታዩትን ካርዶች ይዘረዝራል። ካርዱ በዝርዝሩ ከሌለ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ በአገጣጠሙ ወይም በራሱ በካርዱ ነው። ካርዱ ካለ፣ ያው ትእዛዝ «ኬ» ከተባለው ምርጫ ጋር ሲሰጥ ካርዱን የያዘውን ነጂ ይናገራል። ነጂው ካልተጠቀሰ በዲስክ ላይ እያለ ወደ አስኳሉ አልገባ ይሆናል፤ «ሞድፕሮብ» የሚያስገባው ያን ጊዜ ነው። ነጂው ገብቶም ካርዱ ዝም ካለ የአስኳሉን መዝገብ በ«ዲሜሰግ» ማንበብ ይገባል፤ በተለይ ብዙ የገመድ አልባ ካርዶች ፈርምዌር የተባለ ተጨማሪ ፋይል ይሻሉና።

ስለዚህ ለካርዱ «መግጠም» እንላለን፤ በርና ክዳን እንደሚገጠም ካርዱም በስንጥቁ ውስጥ ይገጠማልና። ፕሮግራሙን በዲስክ ላይ ማኖር «መጫን» ይባል፤ ቃሉ ከአህያ ጀርባ ተነሥቶ በዚህ ፍች ሥር ሰዷልና። ነጂውን ወደ አስኳሉ ማምጣት ግን «ማስገባት» ይሁን። የዚህ ተቃራኒ ሥራም ስላለ «ማስወጣት» ያለ ችግር ይከተላል።

ሁለት ቃላት ይቀራሉ። የካርዱን መገናኛ ለሥራ ዝግጁ ማድረግ «ማስነሣት» ከተባለ ኮምፒዩተሩን ከማስነሣት ጋር ይጋጫል፤ «ማንቃት» ይሻላል። «አይፒ ሊንክ» የተባለው ትእዛዝ በነቃ መገናኛ ላይ «ኖ ካሪየር» ሲያሳይ ደግሞ «ተሸካሚ የለም» ብሎ መተርጎም አንባቢን ግራ ያጋባል። መልእክቱ ከመስመሩ ወዲያኛ ጫፍ ምልክት አልመጣም ማለት ነው፤ ገመዱ አልተሰካም፣ ተበላሽቷል ወይም ማዶ ያለው መሣሪያ ጠፍቷል። «የመስመር ምልክት የለም» ቢባል አንባቢው እጁን ወዲያው ወደ ገመዱ ይሰዳል።

የመገናኛው ስም ግን አይተረጎም፤ ሠራተኛው የሚጽፈው ፊደል በፊደል ነውና። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች «ኢቲኤች ዜሮ» የሚለውን የቆየ ስም ካርዱ የተገጠመበትን ቦታ በሚያመለክት ስም ስለተኩት፣ ተርጓሚው የቆየውን ምሳሌ እንዳለ ከመገልበጥ ይጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁንና የዓለም ጤናው ኃላፊ «አልተጫነም» የሚለውን «አልተገጠመም» ብሎ ከተረዳ ደኅናውን ካርድ ይነቅላል፤ አዳማ ድረስ ሄዶም ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ ፊተኛው ዝም ይላል። የጎደለው አንድ ትእዛዝ ነበር። ስለሆነም የቴክኒክ ተርጓሚ ግሱን ከመምረጡ በፊት ሥራው በማን፣ በምን ላይ፣ ከየት ወዴት እንደሚፈጸም ይጠይቅ እንላለን።