ክፍልፋይና አስርዮሽ ቁጥሮችን በካርድ ጨዋታ ስለ ማስተማር

በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ከሚያስቸግሩት የሒሳብ ርዕሶች አንዱ የክፍልፋይና የአስርዮሽ ቁጥሮች ትምህርት ነው። ምክንያቱም ስውር አይደለም። ልጁ እስከዚያ ድረስ የለመደው ሙሉ ቁጥርን ስለሆነ፣ 8 ከ4 እንደሚበልጥ ሁሉ 1/8 ከ1/4 የሚበልጥ ይመስለዋል፤ 25 ከ5 ስለሚበልጥም 0.25 ከ0.5 ይበልጣል ብሎ ይጽፋል። ይህ ስሕተት የስንፍና ምልክት ሳይሆን፣ በአንድ ቦታ ትክክል የነበረ ሕግ ያለቦታው የመግባቱ ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ልጁ ወደ ክፍል የሚመጣው ባዶውን አይደለም። በጎንደር ከተማ ዙሪያም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ምርት የሚካፈሉ ሰዎች «እኩል»፣ «ሲሶ»፣ «እርቦ» ሲሉ ይሰማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር እንኳ ቃላቱ ከሕዝቡ አንደበት አልጠፉም። አስርዮሽም ቢሆን መነሻው ከሥራና ከገበያ የራቀ አይደለም፤ የፍላንደርሱ ሲሞን ስቴቪን በ1585 እ.ኤ.አ. ስለ አስርዮሽ ያሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ የታሰበው ለመሬት ቀያሾች፣ ለነጋዴዎችና ለመሳሰሉት ነበር። እንግዲህ የመምህሩ ተግባር ልጁ በጆሮው የሚያውቀውን በሰሌዳ ላይ ከሚያየው ምልክት ጋር ማገናኘት ነው። ለዚህም የካርድ ጨዋታ ጠቃሚ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

የካርዶቹ አዘገጃጀት

ካርዶቹ ከአሮጌ ካርቶን ተቆርጠው የሚሠሩ ሲሆን ብዛታቸው 40 ነው። የሚመረጡት ዋጋዎች 1/2፣ 1/4፣ 3/4፣ 1/5፣ 2/5፣ 3/5፣ 4/5፣ 1/10፣ 3/10 እና 7/10 ናቸው። እያንዳንዱ ዋጋ በአራት መልክ ይቀርባል፦ በክፍልፋይ፣ በአስርዮሽ፣ በሥዕል፣ እንዲሁም ከ100 ብር ላይ ባለው ድርሻ። ለምሳሌ 1/4፣ 0.25፣ ሩቡ የተቀባ ክብና «25 ብር ከ100 ብር» አራቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አራት አራት ሆነው ሲቀመጡ 15 ምድብ ስለሚሆኑ፣ እያንዳንዱ ምድብ የራሱን ካርዶች ራሱ ቢሠራ መልካም ነው። ሥራው ራሱ ትምህርት ነውና።

የአጨዋወቱ ሥርዓት

ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ካርድ ይታደላል፤ የቀሩት 20 ተደፍተው ይቀመጣሉ። ተራው የደረሰው ልጅ አንድ ካርድ ያነሣል፤ ከያዛቸው መካከል እኩል ዋጋ ያላቸው ሁለት ካርዶች ካገኘ መሬት ያኖራቸዋል፤ ከዚያም አንድ ካርድ ይጥላል። ቀጥሎ ያለው የተጣለውን ወይም የተደፋውን መርጦ ያነሣል። በእጁ ያለውን አስቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ዋናው ሕግ ግን ጥንዶቹን ያኖረ ልጅ እኩል የሆኑበትን ምክንያት በቃሉ ማስረዳት ያለበት መሆኑ ነው። ማስረዳት ካልቻለ ካርዶቹን መልሶ ይይዛል።

በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ልጆች 20 ካርድ እየያዙ በአንድ ጊዜ አንድ አንድ ይገልጣሉ፤ ትልቁን የገለጠ ሁለቱን ይወስዳል፤ እኩል ከሆኑ ወደ ጎን ይደረጋሉ። 0.25 እና 1/2 ሲገናኙ ከላይ የተጠቀሰው ስሕተት ወዲያው ይገለጣል። የሚከራከሩትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። መምህሩ ፈጥኖ ከመፍረድ ይልቅ ሁለቱንም ከ100 ብር ላይ እንዲያሰሉ ቢያደርግ፣ 25 እና 50 መሆናቸውን አይተው ይስማማሉ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ ሲሶ ከ40ዎቹ ካርዶች ውስጥ ያልገባው ሆን ተብሎ ነው። 100 ብር ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 33 ብር ደርሶ 1 ብር ይተርፋል፤ 1/3 በአስርዮሽ ሲጻፍም 0.333 እያለ አያልቅም። ገበሬው በአንድ ቃል የሚጠራውን ድርሻ አስርዮሽ ጽፎ አይጨርሰውም። ይህን ተማሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን ከለመዱ በኋላ ማቅረብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ካርታ በብዙ ወላጆች ዘንድ ከቁማር ጋር የተያያዘ ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው በገንዘብም ሆነ በማናቸውም ዕቃ መያዣ እንዳይደረግበት፣ ካርዶቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመምህሩ እጅ እንዲቀመጡ፣ አስቀድሞም ለወላጆች ካርዶቹን አሳይቶ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ጨዋታ ዕድል ስላለበት ማሸነፍ የዕውቀት መለኪያ አይሆንም። መምህሩ መመዘን ያለበት ነጥቡን ሳይሆን የሚሰጠውን ምክንያት ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን ደጃፍ ዘግቷል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ የሚመለሱ ልጆች በአንድ ክፍል ቢቀመጡም ዕውቀታቸው አንድ አይደለም። አራት ልጆች አንድ ካርቶን ከበው ሲቀመጡ ግን ያወቀው ላላወቀው ማስረዳት ግድ ይሆንበታል፤ ወደኋላ የቀረውም ሳያፍር ይጠይቃል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይህን በመገንዘብ፣ በየጉድኝት ማዕከሉ መቀስ፣ ካርቶንና ቀለም እንዲሟላ ቢያደርጉ፣ ወጪው አነስተኛ ሆኖ ጥቅሙ የጎላ ይሆናል።